ላሊበላ ሙዚየም አይደለችም፦ በብዙዎች ለተነበበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ላሊበላ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። በፒያሳም ሆነ በአራት ኪሎ፣ ስለ ሥዕል ወይም ስለ ሙዚቃ ጨዋታ በተነሣበት ቦታ ሁሉ ጽሑፉን የሚጠቅስ ሰው አይታጣም። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ከተማዋን ለማንቋሸሽ የተነሡ አይመስሉም። ስለ ላሊበላ በየጊዜው የሚደጋገመው ውዳሴ ያሰለቻቸው ሰው ናቸው፤ በዚህ መሰልቸታቸው እኔም እጋራቸዋለሁ። የደረሱበት ድምዳሜ ግን የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። ስሕተቱ በአንዲት የላስታ ከተማ ላይ ብቻ የማያበቃ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ስላለው ጥበብ ሁሉ ያለንን አስተያየት የሚያዛባ በመሆኑ፣ የቀረቡትን ነጥቦች ተራ በተራ እያነሣሁ ልመልስ ወድጃለሁ።

ጽሑፉን ላላነበቡ ሰዎች ክርክሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በጸሐፊው አመለካከት በላሊበላ የነበረው ጥበብ ከ800 ዓመት በፊት ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ዛሬ «የደመቀ የጥበብ ሕይወት» እየተባለ የሚወራለት ነገር ቅርስ መጠበቅና ቅርስ መሸጥ እንጂ ፈጠራ አይደለም። ለዚህ አባባላቸው የሚያቀርቡት ማስረጃ አምስት ነው፦ በከተማዋ የሚሠራው ሁሉ የቀደመውን መድገም ነው፤ ጥበበኛው ስም የሌለው የሥርዓት አገልጋይ ነው፤ ቲያትር ቤት፣ ጋለሪና የጥበብ ትምህርት ቤት የለም፤ ተሰጥዖ ያለው ወጣት ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ በመጨረሻም የጥበቡ ታዳሚ ቱሪስት ስለሆነ ቱሪስቱ ሲቀር ጥበቡም ይቀራል። ከዚህ ተነሥተው ላሊበላ በቅርስነቷ ትጠበቅ፣ ለኪነ ጥበብ የሚውለው ገንዘብና ትኩረት ግን በአዲስ አበባ ይሰብሰብ ይላሉ። አሳጥሬው ይሆናል እንጂ ያጣመምሁት አይመስለኝም።

«ከ800 ዓመት በፊት ያለቀ» የሚለው ብዙ አያቆየንም። በከተማዋ አቅራቢያ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በትውፊት ከቅዱስ ላሊበላ በፊት በነገሠው ንጉሥ የታነጸ ሲሆን፣ የገነተ ማርያም የግድግዳ ሥዕሎች ደግሞ የዛጉዌ ሥርወ መንግሥት ካበቃ በኋላ፣ በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን የተሣሉ ናቸው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው በአንድ ንጉሥ ዘመን ብቻ አልተፈለፈሉም፣ ረጅም ጊዜ የወሰደና በየደረጃው የተለወጠ ሥራ ነው የሚሉ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች አሉ። በየዕቃ ቤቱ ያሉት መስቀሎች፣ ሥዕሎችና የብራና መጻሕፍትም የአንድ ትውልድ ሥራ አይደሉም። ስለዚህ የላስታ ጥበብ በአንድ ዘመን ፈልቆ በአንድ ዘመን ደረቀ የሚለው አሳብ ገና ከመነሻው የታሪኩን ቅደም ተከተል አይመስልም።

የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ግን የመደጋገም ክስ ነው፤ እኔም ረዘም ላለ ጊዜ የምቆየው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ እውነት የሆነውን ልቀበል። በላሊበላ የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆች የሚደረደረው አብዛኛው ነገር በችኮላ የተሠራ ነው። አዲስ ብራና በጭስ ጠቁሮ «ጥንታዊ» ሲባል፣ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ቅዱሳን በብዛት ተሥለው ሲሸጡ ይታያል። ይህን ጥበብ ብለው የሚያወድሱ አስጎብኚዎች ካሉ፣ ጸሐፊው መውቀሳቸው ተገቢ ነው። ይሁንና በዚህ ሚዛን ከተሄደ በአዲስ አበባም ከፖስታ ቤት ጀርባና በቸርችል ጎዳና ግራና ቀኝ በተደረደሩት የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆች ተመዝኖ ስለ ከተማዋ ሥዕል ፍርድ ሊሰጥ ነው። እንዲህ ያለውን ፍርድ ከሁሉ አስቀድመው የሚቃወሙት ጸሐፊው ራሳቸው እንደሚሆኑ አልጠራጠርም።

ከሱቁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስንገባ ነገሩ ይለወጣል። ጸሐፊው ዜማውን፣ አቋቋሙን (በመቋሚያና በጽናጽል የሚታጀበውን የዝማሬ እንቅስቃሴ) እና ቅኔውን በአንድነት ጠቅልለው «ሥርዓተ ቅዳሴ» ብለው አልፈዋቸዋል፤ ሦስቱ ግን ከፈጠራ ጋር ያላቸው ግንኙነት የተለያየ ነው። ዜማው በእርግጥ የተወሰነ ነው። የቤተ ክርስቲያን የመዝሙር መጻሕፍት የሆኑት ድጓውም ሆነ ጾመ ድጓው በሦስቱ የዜማ ስልቶች፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ተለይቶ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ባደራጁት ምልክት ተጽፎ የተላለፈ ነው፤ ዘማሪው ከልቡ አፍልቆ አይለውጠውም። ነገር ግን የተወሰነ ዜማ ማዜም ጥበብ ካልሆነ፣ በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ በክራር ትዝታ የሚጫወተው ሰውም ጥበበኛ አይደለም ማለት ነው። ትዝታን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አዳራሹ ድረስ የሚወስደን ዜማው አዲስ ስለሆነ ሳይሆን፣ ይህ ተጫዋች ዜማውን የት ላይ እንደሚያቆየው፣ የት ላይ እንደሚሰብረው ለመስማት ነው። በላሊበላ ማኅሌት የቆመ አዋቂ ምእመንም መሪጌታውን የሚያደምጠው በዚሁ ጆሮ ነው። ድምፁ የጸና፣ ቀለሙ የጠራ የትኛው እንደሆነ ያውቃል፤ ሲወጣም ያወራዋል።

ቅኔ ግን ከነአካቴው ሌላ ነገር ነው፤ የጸሐፊው ክርክርም የሚወድቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ፣ በክብረ በዓል የሚቀርብ ቅኔ ሁሉ አዲስ መሆን አለበት። የትናንቱን ዛሬ ደግሞ ማቅረብ፣ የሌላውን የራስ አድርጎ መዝረፍ በሊቃውንቱ ዘንድ ነውር ነው። (በቅኔ ቤት «ዘረፈ» ማለት ከልቡ አፍልቆ ተቀኘ ማለት ሆኖ ሳለ የሰው ቅኔ የሚዘርፍ ሰው መናቁን ልብ ይሏል።) ተማሪው ቀን በየጥሻው ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር (ሲያዘጋጅ) ይውላል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ አገባቡን፣ ሰሙንና ወርቁን፣ የቤቱን ልክ እየመረመረ ያርማል፣ ይጥላል፣ ያጸናል። በነጋው እንደገና ሌላ አዲስ ቅኔ ይጠበቃል። በየዕለቱ አዲስ ሥራ እንዲያቀርብ የሚገደድ፣ ሥራውም በየዕለቱ በጉባኤ ፊት የሚተች ወጣት ገጣሚ በአዲስ አበባ የት እንደሚገኝ ጸሐፊው ቢጠቁሙን እንማርበት ነበር።

ለዚህ ጥበብ ደግሞ ላስታ ከመሐል አገር የሚላክላትን የምትቀበል ዳር አይደለችም። ሦስቱ ዝነኛ የቅኔ ቤቶች ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ ናቸው። ሁለቱ በጎጃም ሲሆኑ ዋድላ ግን ከላስታ በስተ ደቡብ፣ በዚያው በሰሜን ወሎ የሚገኝ ነው። ሦስቱ በመንገዳቸው ይለያያሉ፤ ነገሩን የተማረ ሰው ቅኔውን ሰምቶ ተቀኚው ከየትኛው ቤት እንደወጣ ይለያል። የራሱ ስልት ያለው፣ ስልቱን የሚከላከልና ከሌሎች ስልቶች ጋር የሚፎካከር ትምህርት ቤት በሥዕል ዓለም ቢሆን ኖሮ፣ «እንቅስቃሴ» ብለን መጽሐፍ በጻፍንለት ነበር።

የአቋቋሙ ነገር ደግሞ በተራራ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ በጥበብ ታሪክ ውስጥ ምን ልትሠራ እንደምትችል ያሳያል፤ ለዚህም ከላሊበላ ወጣ ብዬ ደብረ ታቦርን ልጥራ። አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው እንጂ በሊቅነታቸው እምብዛም አይነሡም፤ ሆኖም ዛሬ የተክሌ አቋቋም የምንለውን ዝማሜ የፈጠሩት እሳቸው ናቸው። እንቅስቃሴውን ከጣና ሞገድና ከሸምበቆው መወዛወዝ እንደወሰዱት ይነገራል። እንደ ትውፊቱ የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ነገር አልተቀበሉትም ነበር። ልጃቸው ተክሌ ከአባቱ ተምሮ ወደ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ይዞት ከሄደ በኋላ ግን እዚያ ሥር ሰደደ፤ ከዚያም በየአገሩ ተስፋፋ። አሮጌዋ መናገሻ አልቀበልም ያለችውን አዲስ ፈጠራ የተቀበለችው ትንሿ የተራራ ከተማ ነበረች። «አዲስ ነገር በዋና ከተማ ይወለዳል፣ ጠቅላይ ግዛት ይጠብቀዋል» የሚለው የጸሐፊው አሳብ ለዚህ ታሪክ ቦታ የለውም።

ይኸው ታሪክ ስለ ስም የለሽነት ለተነሣውም ነጥብ ግማሽ መልስ ይሆናል፤ አንድ ስልት የሰው ስም ይዞ እስከ ዛሬ ሲጠራ፣ ባለቤቱ አልታወቀም ማለት አይቻልምና። በሥዕልም ቢሆን በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው ሥራው ላይ ስሙን ጽፏል። እርግጥ ነው፣ ከአብዛኞቹ የግድግዳና የገበታ ሥዕሎች ላይ የሠዓሊ ስም አናገኝም፤ ይህን ላለመቀበል ምክንያት የለኝም። ነገር ግን ስሙ በሥራው ላይ አለመጻፉ በአካባቢው ሰው ዘንድ አለመታወቁን አያመለክትም። መስቀሉን ማን እንዳነጠረው፣ መጽሐፉን የትኛው ቁም ጸሐፊ እንደጻፈው፣ ሐረጉን (የመጽሐፉን ጌጥ) ማን እንደጣለው የሚያውቅ ሰው በደብሩ ይኖራል። የማያውቀው ከውጭ የሚመጣው ጎብኚ ነው፤ ጸሐፊውም በዚህ ነጥብ ላይ ሳያውቁት የጎብኚውን ዓይን ተውሰዋል።

ስለ ተቋማት የቀረበው ክርክር ከሁሉ ይልቅ አሳማኝ መስሎ የሚታይ ነው፤ ምክንያቱም የሚቆጠር ነገር ይዞ ይነሣል። ከምጽፍበት ቦታ በእግር በሚደረስበት ርቀት በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር አለ። ትንሽ ራቅ ሲሉ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ይገኛል፤ ወደ ላይ ወጣ ሲሉ ደግሞ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አሉ። ላሊበላ ከእነዚህ አንዱም የላትም። ይህ እውነት ነው፤ ጉድለትም ነው። በዘመናዊ ሥዕል መሥራት የሚፈልግ የላሊበላ ወጣት ሥራውን የሚሰቅልበት አዳራሽ፣ ሥራውን የሚተች ሰው፣ ቀለምና ሸራ የሚገዛበት ሱቅ በቅርብ አያገኝም። ይህን የሚክድ ሰው ከተማዋን አይጠቅማትም።

ጸሐፊው የሚሳሳቱት ከዚህ ወደሚቀጥለው እርምጃ ሲሻገሩ ነው፤ «እነዚህ ስለሌሉ ተቋም የለም» ይላሉ። ተቋም ማለት ሕንፃና ማኅተም ከሆነ ልክ ናቸው። ትምህርቱ በደረጃ የተከፈለ፣ መምህሩ በማን እጅ እንደተመረቀ የሚታወቅ፣ ተማሪው ከሩቅ አገር በእግሩ ተጉዞ የሚመጣበት፣ ፈተናውም ከባድ የሆነ ቦታ ተቋም ከተባለ ግን፣ የአብነት ትምህርት ቤት በአገራችን ካሉት ተቋማት ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ ነው። ንባብ፣ ዜማ፣ አቋቋም፣ ቅኔ፣ ትርጓሜ እያለ የሚሄደው ትምህርት አንድን ሰው ከልጅነት እስከ ጉልምስና ይወስደዋል። በአንዱ ጉባኤ የተመረቀ ሌላውን ፍለጋ ወደ ሌላ አውራጃ ይሻገራል። እንዲህ ያለ መረብ ያለው ጥበብ በአዳራሽ ብዛት ቢለካ ልኩ አይገኝም።

ይህን ስል የአብነት ትምህርት ቤቱን ኑሮ ማስዋቤ አይደለም። ተማሪው ቁራሽ ለምኖ ያድራል፤ ጎጆው ያፈስሳል፤ በሽታ ይፈራረቅበታል። ጸሐፊው ይህን «የድህነት ሥርዓት» ብለው ሲጠሩት ቃሉ ይመር እንጂ ውሸት አይደለም። ሴቶችም በአብዛኛው ከዚህ ትምህርት ውጭ እንደሆኑ ማንሣታቸው ተገቢ ነው። ዓይነ ሥውሯ የጎጃም የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስንት ወንዶችን ለመምህርነት ማብቃታቸው የሚያስደንቀን ልዩ ስለሆኑብን ነውና፣ አንድ ስም ጠቅሶ ወቀሳውን መሸሽ አይቻልም። ግን እዚህም ላይ የጸሐፊው መዝገብ ጎዶሎ ነው። ሴቶቹ ከቅኔ ቤት ሲከለከሉ ከጥበብ አልወጡም። የላስታ ሙሾ አውራጅ በለቅሶ መካከል ቆማ፣ የሟቹን ዘር፣ ሥራና ባሕርይ እያነሣች፣ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ግጥም እዚያው ትደረድራለች፤ ያልጣመ እንደሆነ ለቀስተኛው አይቀበላትም። የሠርግ ግጥም፣ የጥልፍና የስፌት ሥራም አለ። ይህ ሁሉ በጽሑፉ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተነሣም። ስለ ሴቶች መገለል የጻፈ ሰው የሴቶቹን ሥራ ሳይቆጥር ማለፉ ያሳዝናል።

ወደ አራተኛው ነጥብ ልለፍ። «ተሰጥዖ ያለው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል» ይላሉ። ብዙዎች ይሄዳሉ፤ የሄዱትም አዲስ አበባን አዲስ አበባ አድርገዋታል። አለ ፈለገ ሰላም የመጡት ከፍቼ ነው፤ የአፍሪካ አዳራሽን የመስተዋት ሥዕል የሠሩት አፈወርቅ ተክሌ የተወለዱት በአንኮበር፣ በዚያች የተራራ ጫፍ ከተማ ነው። በያሬድ ትምህርት ቤት ከሚጠኑት አራት ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ ቦታዎችን ስም ይዘዋል፤ በደርግ ዘመን እነዚህን ቅኝቶች በመላ አገሪቱ ያሰማው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ማዕከሉ ደሴ እንጂ አዲስ አበባ አልነበረም። ጸሐፊው እነዚህን የመሰሉ ስሞች የሚጠሩት ገጠሩ ባዶ መሆኑን ለማሳየት ነው። ግን ባዶ ከሆነ ቦታ በየትውልዱ ሰው እየወጣ ዋና ከተማውን ሊሞላ እንዴት ይችላል? ምንጩን ደረቀ ለማለት ከእሱ የተቀዳውን ውኃ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይገባም።

ደግሞም መንገዱ የአንድ አቅጣጫ አይደለም። የአብነት ተማሪው ከአውራጃ አውራጃ ሲዞር አዲስ አበባ ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዷ እንጂ የመጨረሻዋ አይደለችም፤ ተመርቆ ወደ ተወለደበት ደብር የሚመለስ ብዙ ነው። የአዝማሪውም ነገር ከዚህ አይለይም፤ የክረምቱንና የጾሙን ወራት፣ የሠርጉን ወቅት እያየ ይመላለሳል። በላሊበላ ጠጅ ቤቶች «ተቀበል!» እየተባለ ማሲንቆ ሲመታ የሚሰማው ግጥም ለዚያች ሌሊት፣ ለዚያ እንግዳ የተገጠመ ነው፤ ይህም የመደጋገሙን ክስ ዳግመኛ ይመልሳል።

አዲስ አበባ ለጥበብ አስተማማኝ መጠለያ ናት የሚለውን አሳብ በተመለከተ ግን ጸሐፊው በቅርብ ዓመታት በመሐል ከተማው የሆነውን የዘነጉ ይመስለኛል። ፈንድቃ ለብዙ ዓመታት በካዛንቺስ የአዝማሪ ጥበብን ከአዲስ ሙዚቃ፣ ከውዝዋዜና ከሥዕል ጋር ያገናኘ ቤት ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሠፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ከቦታው ተነሥቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈርሰዋል፤ ስንት ደራሲና ሙዚቀኛ ያመሸባቸው ቤቶች አብረው ሄደዋል። ስለ ልማቱ አስፈላጊነት መከራከር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። የምለው፣ ጥበብን ሁሉ በአንዲት ከተማ ሰብስቦ ማኖር የሚያስገኘው ዋስትና ጸሐፊው የገመቱትን ያህል አይደለም ነው። (በነገራችን ላይ «የተራራ ላይ መንደር» የሚለው አነጋገራቸው ፈገግ አሰኝቶኛል፤ ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2350 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በከፍታ ከሆነ የምንበላለጠው ይህን ያህል ነው።)

የቀረው የታዳሚው ጉዳይ ነው። ጸሐፊው «ቱሪስቱ ሲቀር ጥበቡም ቀረ» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲመጣ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማዋ ድረስ ሲደርስ፣ ሆቴሎች ተዘግተዋል፣ የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆች ገዢ አጥተዋል። ከቱሪስት ጋር የተያያዘው ሥራ ተጎድቷል፤ ብዙ ቤተሰብም አብሮ ተጎድቷል። ይህ ግን ለጸሐፊው ክርክር ጥሩ መፈተኛ ነው። የላሊበላ ጥበብ የሚኖረው ለውጭ ጎብኚ ከሆነ፣ ጎብኚ በሌለበት በዚያ ጊዜ መጥፋት ነበረበት። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከተማዋ ከውጊያው በወጣች በሳምንታት ውስጥ የ2014 ዓ.ም. የገና በዓል ሲደርስ፣ ምእመናን ከየአቅጣጫው በብዛት ተሰበሰቡ። ካህናቱ እንደ ወትሮው በቤተ ማርያም ቅጥር፣ በማሜ ጋራ ላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» የተሰኘውን የገና ዝማሬ አሉ፤ ከላይ ያሉት በመላእክት፣ ከታች ያሉት በእረኞች አምሳል፣ እየተቀባበሉ። ወረብ ተወረበ፣ ጽናጽሉና መቋሚያው ከነሥርዓቱ ነበረ። ለማን? በብርድ ሌሊቱን ቆሞ ላደረው፣ ዜማውን ከሕፃንነቱ ለሚያውቀው፣ ቅኔው ሲሰምር «ይበል!» ለሚለው ሰው። የውጭ ጎብኚው ለዚህ ታዳሚ ተጨማሪ እንጂ ምትክ ሆኖ አያውቅም።

ጽሑፉ የሚደመድምበት የገንዘብ ምክር የሚነሣው ከላይ ካየናቸው ግምቶች ስለሆነ ብዙ ቃል አይሻም፤ አንድ ተግባራዊ ነገር ብቻ ላንሣ። ጸሐፊው ላሊበላ «እንደ ቅርስ ትጠበቅ» ሲሉ፣ ቅርሱን ከጥበቡ ለይቶ መጠበቅ እንደሚቻል አድርገው ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች መካከል ናቸው። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ጥበቃ ምን እንደሚመስል ለማየት በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከመካከላቸው በአንዳንዶቹ ላይ የተተከሉትን የብረት መጠለያዎች መመልከት ይበቃል። ዝናቡን ይከላከላሉ፤ የአካባቢው ካህናትና ነዋሪዎች ግን ስለ ክብደታቸውና ስለ ደኅንነታቸው ሥጋታቸውን ሲያሰሙ ኖረዋል። አለቱ የሚሰነጠቅበትን፣ ውኃው የሚሰርግበትን ቦታ በየዕለቱ የሚያየው፣ ድንጋዩን በመዶሻና በመሮ የሚያውቀው የከተማው ሰው ነው። ይህ ሰው እጁን የሚያፈታው ደግሞ ዛሬ በሚሠራው መስቀል፣ በሚጠርበው ድንጋይና በሚፍቀው ብራና ነው። ለኪነ ጥበብ የሚውለው ገንዘብ ከላሊበላ ቢነሣ ሥራ የሚያጡት እነዚሁ እጆች ናቸው። ጸሐፊው ቅርሱን በማን እጅ ሊያስጠብቁት እንዳሰቡ በጽሑፋቸው ውስጥ አልነገሩንም፤ ክርክራቸውን የሚቀጥሉበት ከሆነ በቅድሚያ ይህን እንዲመልሱልን እጠይቃለሁ።